ከሁለት ወር በኋላ ጭንቅላቷን ማን ይዳስሳት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሕፃን ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ ወላጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ደጋግሞ ማስታወክ፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ መውረድ፤ ሁሉም በቦታው አለ። ያልተዋጠልኝ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሰላም ካለፉ ስጋት የለም» የሚለው ነው። የእኛ ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

ልጄ ያኔ ሰባት ወሯ ነበር። ታላቅ ወንድሟ አቅፏት ደረጃ ሲወርድ አዳለጠውና ተያይዘው ወደቁ። ሲቲ ስካን ሲነሳ የራስ ቅሏ በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ ተሰንጥቋል። አንድ ሌሊት አሳደሩንና «የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል» ብለው ሸኙን። አልዋሹም፤ አብዛኛው ስንጥቅ ማንም ሳይነካው ይድናል። ቀጠሮ ግን አልሰጡንም።

እብጠቱ ጠፍቶ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ ራሷን ሳጥባት ጣቴ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። እንደ እርግብግቢት ትር ትር ይላል፤ ቦታው ግን የእርግብግቢት ቦታ አይደለም። ስታለቅስ ወጠር ይላል፣ ዙሪያውን ስዳስሰው የአጥንቱ ጠርዝ ይታወቀኛል። መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ «የቋጠረ ደም ነው፣ በመርፌ እንቅዳው» አሉኝ። እምቢ ብዬ ይዣት ወጣሁ። አውቄ እንዳይመስላችሁ፤ መርፌ ስለምፈራ ነው።

ጉዳዩን የነገረን የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን፣ እነሱ ዱራ የሚሉት፣ አብሮ ከተቀደደ አንጎሉን የከበበው ፈሳሽ፣ አንዳንዴም አንጎሉ ራሱ፣ በቀዳዳው እየገፋ ይወጣል። የሕፃን አንጎል በፍጥነት ያድጋል፣ በየልብ ምቱም ይገፋል፤ ስለዚህ ስንጥቁ በመግጠም ፈንታ ጠርዙ እየተበላ ይሰፋል። «የሚያድግ ስብራት» የሚሉት ለዚህ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃውሺፕ እ.ኤ.አ. በ1816 ጽፎበታል። የራስ ቅላቸው ከተሰበረ 100 ሕፃናት አንዱን ቢያገኝ ነው፤ ከሚያገኛቸው ከ10 ዘጠኙ ግን ከ3 ዓመት በታች ናቸው።

ኤምአርአይ ሽፋኑ የተቀደደበትን ቦታ አሳየ። የተቀደደው ሽፋን ወደ ውስጥ ስለሚሸሸግ ቀዳዳው ከአጥንቱ ክፍተት ይሰፋል፤ ጤነኛውን ጠርዝ ለማግኘት አጥንቱን ሰፋ አድርገው መክፈት ነበረባቸው። የተቀደደውን ከራስ ቅሏ ላይ በተወሰደ ስስ ሽፋን ጣፉት፣ ክፍተቱን በራሷ አጥንት ሞሉት። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጧት ስለነበር፣ ዛሬ 4 ዓመቷ ሆኖም ጠዋትና ማታ መድኃኒት ትወስዳለች።

በየወሩ ሲቲ ስካን ይነሳ አልልም፤ ጨረሩ ለሕፃን ቀላል አይደለም። እጅ ይበቃል። ካጠራጠረ ጨረር የሌለው አልትራሳውንድ አለ። በተለይ ከ3 ዓመት በታች ሆኖ ስንጥቁ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የተከፈተ ልጅ፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሐኪም ጭንቅላቱን የሚዳስስበት ቀን ተጽፎለት ይውጣ። የእኛ መሸኛ ወረቀት አሁንም እጄ ላይ ነው፤ የቀጠሮ ቦታው ባዶ ነው።

እናንተም ያችን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት