የቴከን ክበብ የ2017 ዓ.ም. ክንውን

ቴከን ሁለት ሰው የሚፋለምበት የድብድብ ቪዲዮ ጌም ነው። ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በደብረ ብርሃን ጌም ቤቶች በተለመደው ሕግ ነው። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይነሣል። ጌም ቤት ከሆነ ሒሳቡንም የሚከፍለው ተሸናፊው ነው። በዚህ አሠራር ጎበዙ ጆይስቲክ ሳይለቅ ይውላል፤ ጀማሪው ሦስት ዙር ተደብድቦ ወረፋ ይይዛል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉንም ሲረቱ የነበሩት እጃቸው ፈጣን ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ የጨዋታው ሰዓት አብዛኛው የእነሱ ስለነበረ ነው።

ለእነሱም ቢሆን አልጠቀመም፤ ጎበዝ የሚያድገው ብርቱ ባላጋራ ሲኖረው ነው። የፓኪስታኗ ላሆር ልጅ አርስላን አሽ በፈረንጆቹ 2019 ኢቮ ጃፓንን (ኢቮ ትልቅ የድብድብ ጌሞች ውድድር ነው) ፉኩኦካ ላይ፣ ዋናውን ኢቮ ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ አሸነፈ፤ በላስ ቬጋሱ ፍጻሜ የረታው ኒ (Knee) የተባለውን የኮሪያ አንጋፋ ተጫዋች ነው። ታዲያ አርስላን በአገሩ ብቸኛ ጎበዝ አይደለም። በ2023 አምስተርዳም ላይ የቴከን ወርልድ ቱርን ፍጻሜ ያሸነፈው አቲፍ በትም ፓኪስታናዊ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ልጆች የሚፈትናቸው ሦስተኛ ሰው ስላልነበረ አንዱ የሌላውን ልማድ ከመሸምደድ አላለፉም።

ስለዚህ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ግማሹን ሰዓት ለልምምድ ሰጠነው። ልምምዱ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) መሸምደድ አይደለም፤ ብሎክ አድርጎ፣ ማለትም ምቱን ተከላክሎ፣ መመለስ ነው። ቴከን 7 በሴኮንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ የምት ፍጥነትም የሚለካው በፍሬም ነው። አንዱ ተማሪ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይዞ የጆይስቲኩን ክብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ በመጫን የዝላይ ርግጫውን ይሰነዝራል፤ ሌላው ወደ ኋላ ይዞ ብሎክ ያደርጋል። በአብዛኞቹ የጌሙ ገጸ ባሕርያት ይህ ርግጫ ብሎክ ሲደረግ መቺው በ13 ፍሬም ይዘገያል። በአራት ማዕዘኗ ቁልፍ የሚሰነዘረው ቡጢ 10 ፍሬም ስለሚፈጅ ይደርሳል፤ ወዲያው ሦስት ማዕዘኗን ማስከተል ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጎምጅቶ 15 ፍሬም የሚፈጀውን፣ ባላጋራን ወደ ላይ የሚያነሣውን ምት ይሞክራል፤ አይደርስም፣ ባላጋራው ብሎክ ያደርግበታል። ትልቁ ምት የሚገባው እንደ ብራያን (ከጌሙ ገጸ ባሕርያት አንዱ) ረጅም የእግር ጠረጋ ያለ ዝግ ያለ ምት ዝቅ ብሎ ብሎክ ሲደረግ ነው። ከ10 ሙከራ 8 ያሳካ ይቀየራል።

ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ (ለጌም የተዘጋጀው የምስል ማስተካከያ) ላይ ካልሆነ ምስሉ ስለሚዘገይ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። አቅጣጫ በቀስቶቹ ይሁን፤ ያረጀ አናሎግ (የጆይስቲኩ ተንቀሳቃሽ እንጨት) ሳይነኩት ይሄዳል።

በቀሪው ሰዓት ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ብቻ የሚወጣበትን ውድድር አካሄድን። ለ8 ተጫዋች 14 ጨዋታ ይበቃል፤ ከተሸናፊዎች ወገን የመጣው የመጀመሪያውን ፍጻሜ ካሸነፈ 15 ይሆናል። በችሎታ ደረጃ አንደኛውን ከስምንተኛው፣ ሁለተኛውን ከሰባተኛው ማጋጠም እንጂ ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም፤ ዕጣ ሁለቱን ጎበዞች በመጀመሪያው ዙር ሊያላትማቸው ይችላል። ውጤት በየጨዋታው ደብተር ላይ ይጻፋል። መብራት ከሄደ የተቋረጠው ጨዋታ ብቻ ይደገማል።

የመዝጊያው ውድድር 15ኛ ጨዋታ ድረስ ሄደ። ዋንጫው ከ11ኛ ክፍል አልወጣም፤ ሁለተኛ የወጣችው ግን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኮምቦዋ አጭር ነው፤ የዝላይ ርግጫ ግን ያለ ቅጣት አታሳልፍም። ለ2018 የምንጠይቀው ሁለት ተጨማሪ ጆይስቲክ ነው።