የበርገሩ ሥጋ ለምን ጥሬውን እንደመጣላችሁ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ስልካችን በቅሬታ ተጨናንቋል። የቤት በርገር ፓኬጅ አዛችሁ ሥጋው ጥሬውን ሲመጣላችሁ ተናዳችኋል። "ድሮ ግማሽ በስሎ ነበር የሚመጣው፣ አሁን ምን ነካችሁ?" ያላችሁ አላችሁ። "ራሴ ለምጠብሰው ይሄን ሁሉ ብር?" ያላችሁም አላችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቁን አንድ አባት ደግሞ "እናንተም እንደ ሌላው ሆናችሁ" ብለው ላኩልኝ። እሷ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። አልደረስኩበትም። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

ፓኬጁ እንዴት እንደተጀመረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ በርገር ቤታችን በአንድ ሳምንት ጭር አለ። ስድስት ሠራተኞች ነበሩኝ፤ አንዳቸውንም ማሰናበት አልፈለግሁም። ሥጋውን ግሪሉ ላይ ሁለቱንም ጎን ቀላ እናደርገውና፣ አቀዝቅዘን፣ ከዳቦውና ከሶሱ ጋር በካርቶን እንልክላችሁ ነበር። ገዛችሁን። ያንን ጊዜ ያለፍነው በእናንተ ነው። ስድስቱም እስከ ዛሬ አብረውኝ አሉ።

ግማሽ የበሰለውን ሥጋ ግን እኔ ሆዴ ሳያምነው ነው የሸጥኩት። የዚያን ጊዜ ችግር ያመጣው ዘዴ ነበር፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ቀረ። ሥጋ ሳይፈጭ ጀርሙ ያለው ላዩ ላይ ነው። መፍጫ ማሽን ውስጥ ሲገባ ላዩ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል። ላዩን ብቻ ቀላ ማድረግ ታዲያ ውስጡን አያበስለውም፤ ለብ ያደርገዋል እንጂ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጀርም እንደ ልቡ ይራባል። ፓኬጁ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆም፣ እናንተ ቤት ደርሶ ልጆቹ እስኪሰበሰቡ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ እኔ እዚህ ሆኜ የማስበው ይሄንን ነው። ጥሬው ከበረዶ ጋር ቀዝቅዞ ይመጣል፣ ፍሪጅ ይገባል፣ አንዴ በደንብ ይበስላል፣ አለቀ።

"ክትፎስ ለብለብ ይበላ የለም እንዴ?" ያለኝ ወጣት ነበር። ይበላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ክትፎ የሚያዝ ሰው ግን ምን እንደሚበላ አውቆ ነው የሚያዘው። ኮሶ ምን እንደሆነ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። የእኛን ፓኬጅ በብዛት የሚያዙት ደግሞ ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ናቸው። የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል አለበት። አንድ ልጅ በእኔ ሥጋ ቢታመም በምን ዓይኔ አያችኋለሁ?

ጣዕሙም አለ። ሥጋችንን የምንፈጨው ፍሪምባና ሻኛ ቀላቅለን ነው፣ ከአምስት እጅ አንዱ ጮማ እንዲሆን። ሁለት ጊዜ ሲጠበስ ጮማው በመጀመሪያው ቀልጦ ያልቃል። እናንተ ጋ የሚደርሰው ደረቁ ነው። እንዲህ ለፍተን የመረጥነው ጮማ እናንተ መጥበሻ ላይ ቢቀልጥ አይሻልም?

ስለ ዋጋውም ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ተጎድቻለሁ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። በሬው የአገራችን ነው፣ እውነት ነው። ቺዙ፣ ማስተርዱ፣ ዘይቱ፣ ቅባት የማያሳልፈው ወረቀት ግን ከውጭ የሚገባ ነው። በሬውን የሚጭነው መኪናም ነዳጅ ይጠጣል። እናንተ ራሳችሁ ስለምትጠብሱት ከእኛ የሚቀንሰው የአንድ ሰው የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። በእሱ ቦታ በረዶው፣ ካርቶኑ፣ የሶስ መያዣዎቹና ሞተረኛው ይገባሉ።

ዋጋውን ሳንነካ ሥጋውን ማሳነስ እንችል ነበር። 120 ግራሙን 90 ብናደርገው ማን ልብ ይል ነበር? ወጥ ቤት ውስጥ ይሄ ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም 120 ግራም ነው። ሚዛን ያላችሁ ከካርቶኑ አውጥታችሁ መዝኑት።

ይሄን ሥራ ስጀምር አንዲት መስኮትና አንድ ፍሪጅ ነበረኝ። ፍሪጁንም የገዛሁት በዕቁብ ብር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የሚያዘን እንደሌለ ታውቃላችሁ። የምስር በርገር እየጠበስን ደሞዝና ኪራይ ከፍለናል። አሁን በዓለ ኀምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። የዓመቱ እንጀራችን ያለው በእነዚህ ሰባት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚህ ሰሞን ፊታችሁን ስታዞሩብን በጣም ይከብደናል።

ቅሬታው ሲበዛ ባለፈው እሁድ በእህቴ ስልክ አንድ ፓኬጅ አዘዝኩ። ሠራተኞቼ ለእኔ መሆኑን አላወቁም። ዳቦው ደህና መጣ፣ ሶሱ አልፈሰሰም፣ በረዶው አልቀለጠም። ከዚያ በቤቴ ስቶቭ፣ በቤቴ ቀጭን ቴፍሎን፣ በካርቶኑ ውስጥ የምንልከው የአጠባበስ ወረቀታችን የሚለውን ቃል በቃል ተከተልኩ። "መጥበሻውን አግላችሁ አራቱንም ድብልብል አስቀምጡ፣ ተጫኑት፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ" ይላል። አራቱን ሳሳርፋቸው መጥበሻው ጮኸ። ወዲያው ድምፁ ጠፋ። ከሥር ውሃ ወጣ፣ ዳር ዳሩን ነጭ አረፋ ያዘው። ሰዓቱ ሲሞላ ገለበጥኩት፤ ግራጫ ነበር። ሥጋው ተቀቅሏል። ልጄ አንዴ ገመጠና ሳህኑ ላይ መለሰው። "እማ፣ ይሄ የእናንተ አይደለም" አለኝ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በራሳችን ግሪል ልክ። ያ ብረት የጣት ውፍረት አለው፣ አሥር ቀዝቃዛ ሥጋ ቢያርፍበትም ግለቱ አይወርድም። የእናንተን መጥበሻ አላሰብኩም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።

ማታውኑ በሌላ ፓኬጅ ደግሜ ሞከርኩት፣ አሁን ሌላ ሆነ። መጥበሻውን ባዶውን ሦስት ደቂቃ ያህል አጋልኩት። ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ቆየ፤ የማወጣው ላሳርፈው ስል ብቻ ነው። አራቱን ትቼ ሁለት ሁለት አደረግሁ። እንዳረፈ ቅባት በማያሳልፈው ወረቀት ሸፍኜ በጠፍጣፋ ክዳን አንዴ ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩት፤ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም፣ ደጋግሞ መጫን ጭማቂውን ያስወጣዋል። ጨው የነሰነስኩት ያኔ ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ። (አንዲት እህታችን ጨው፣ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጨምራ አሽታው "ድንጋይ ሆነብኝ" ብላኛለች። የተፈጨ ሥጋ ከጨው ጋር ሲታሽ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ድንጋይ የሚያደርገው እሱ ነው።) ዳሩ ቡናማ ሆኖ በራሱ ሲላቀቅ ገለበጥኩ፣ ቺዙን ጫንኩ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ዳር ላይ አድርጌ ከደንኩ። ቺዙ ሲቀልጥ መሀሉን በቴርሞሜትር ለካሁት፣ 74 ዲግሪ አለ። ዳቦውን በቀረው ጮማ ላይ ገልብጬ አሞቅሁት። ልጄ ሁለቱን በላ።

አዲሱ ወረቀት ታትሟል። ከነገ ጀምሮ በየካርቶኑ ይገባል፣ መጫኛ ወረቀቱም አብሮ። ሥጋው ግን ጥሬውን መምጣቱ ይቀጥላል፣ ዋጋውም ለጊዜው ባለበት ነው። ይሄን ስል ደንበኛ ልናጣ እንደምንችል አውቃለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ፓኬጅ ገዝታችሁ የተበላሸባችሁ፣ ያዘዛችሁበትን ስልክ ብቻ ንገሩን። ደረሰኝ አንጠይቅም። አራት ድብልብል ሥጋ ከዳቦው ጋር እንልክላችኋለን፣ የሞተሩንም እኛ እንችላለን። "እንደ ሌላው ሆናችሁ" ላሉኝ አባት ደግሞ ቅዳሜ እኔ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ከፈቀዱልኝም መጥበሻቸው ላይ እጠብስላቸዋለሁ።

ሌሎቻችሁም ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ደውሉ። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። መጥበሻችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ከነገራችሁኝ፣ ሥጋው እስኪገለበጥ ድረስ መስመሩ ላይ አብሬያችሁ እቆያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቤቱ ባለቤት