የሚዘባርቀው መኪና

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? «ባትሪው ሞቶ በሰው መኪና ካስነሳሁት ወዲህ ዳሽቦርዱ ላይ ያልበራ መብራት የለም፤ ልሸጠው ነው» ያሉኝን ሳስበው አደርኩ። አባባ፣ ሽያጩን እስከ እሑድ ያቆዩልኝ።

መንዳት ሲያስተምሩኝ «ሞተሩን በጆሮሽ አድምጪ» ይሉኝ ነበር። ይህኛው መኪና ግን በጆሮ አይታወቅም፤ ራሱ ይናገራል፣ ሲደክመው ደግሞ ይዘባርቃል። ኤቢኤሱም (ፍሬን ሲይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ መሪውም፣ የመንሸራተት መከላከያውም የየራሳቸው ትንሽ ኮምፒውተር አላቸው። ኤሌክትሪኩ ሲጎድልባቸው የሚቆጣጠሩት ዕቃ የተበላሸ ይመስላቸውና መብራታቸውን ያበራሉ። አምስት መብራት በርቶ ጥፋቱ የአንድ ባትሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ ሴንሰር እንቀይር ካለዎት መጀመሪያ ቮልቱን ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ይደርሳል። ከ13 በታች ከቀረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይታይ፤ አዲስ ባትሪ ቢገዙ እሱም ይሞታል።

አሥር ደቂቃ ነድተው «ሞልቷል» ማለትዎን አልቀበልም። ባዶ ባትሪ እንዲያ አይሞላም፤ ቻርጀር ላይ ይደር። የባትሪው ገመዶች ማሰሪያም ነጭ ዝገት ይዞ እንደሆነ ይዩልኝ።

ከሞላ በኋላ ሞተሩን አስነስተው፣ መኪናው እንደቆመ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙረው ወደ መሃል ይመልሱት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ብዙ መኪና የመሪውን መሃል ይረሳል። ከዚያ ቀጥ ባለ መንገድ ትንሽ ሲነዱ የመሪውና የመንሸራተት መከላከያው መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ።

ሁሉንም ግን አይናቁ። ሞተሩ እየሠራ ቀዩ የዘይት መብራት ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት፤ አንድ ሜትር እንኳ አይንዱ። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ቀዩ የፍሬን መብራት ከኤቢኤሱ ጋር አብሮ ከበራም እንደዚያው ነው። የኤርባጉን ለመካኒኩ ይተዉለት፤ እርስዎ አይንኩት።

ባትሪው ለምን እንደሞተ ግን አልነገሩኝም። መኪናው ሦስት ሳምንት መቆሙን የሰማሁት ከእማማ ነው። ወገብዎ ተነስቶብዎት ከሆነ እሱንም ደብቀውኛል ማለት ነው። እሑድ ቮልት መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁንም አያለሁ፣ እርስዎንም መኪናውንም።

ልጅዎ