ግሉኮሱን ከመስቀልሽ በፊት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ውስጥ ደዌ እንደደረሰሽ ከነገርሽኝ ጀምሮ ደስታዬን አልቻልኩትም። የመጀመሪያው ወርሽ ድንገተኛ ክፍል መሆኑን ስትነግሪኝ ደግሞ ብዙ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር መጣብኝ፣ ግን ድዩቲ አድረሽ ስለነበር በስልክ ላደክምሽ አልፈለግኩም። ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ስለ ሁሉም ነገር አልጽፍልሽም። ትኩሳት ይዞት፣ ደም ግፊቱ ወርዶ፣ ትንፋሹ ፈጥኖ የመጣ ሰው አልጋው ላይ ሲተኛ ምን ያህል ፈሳሽ ትሰጪዋለሽ? ስለዚህ ብቻ ነው። ኢንፌክሽን መላ ሰውነቱን ያናጋበት፣ ሴፕሲስ የምንለው ሰው ማለት ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በእኔ ዕድሜ ግን በድንገተኛ ሕክምና ውስጥ እንዲህ የተገለባበጠ ነገር ብዙ አላየሁም። መልሱን ከለወጡት ጥናቶች ዋና ዋናዎቹ የተሠሩት ደግሞ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ እንደኛ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ይህን በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

በ2001 ኢማኑኤል ሪቨርስ የሚባል ሐኪም ዲትሮይት በሚገኘው ሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል 263 የሴፕሲስ ሕሙማን ላይ የሠራውን ጥናት አወጣ። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በጥብቅ ፕሮቶኮል ታከሙ። ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ይገባል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ቁጥሩ እስኪሞላ ፈሳሽ ይጨመራል፣ ካስፈለገ ደምና የልብ መድኃኒት ይከተላል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 46.5 በመቶ ሲሞቱ በፕሮቶኮሉ ከታከሙት የሞቱት 30.5 በመቶ ነበሩ። ይህን ያህል ልዩነት ሲታይ ዓለም ሁሉ ተከተለው። "ቶሎ ስጪ፣ ብዙ ስጪ" የሚለው ነገር በየመማሪያው ገባ፣ እኛም ጋ ደረሰ።

ከዚያ በ2014 እና በ2015 አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ፣ እንዲሁም እንግሊዝ ውስጥ በድምሩ ከ4,000 በላይ ሕሙማን ያሉባቸው 3 ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። ያ ፕሮቶኮል ከተለመደው ሕክምና የበለጠ ሰው አላተረፈም። ሪቨርስ ዋሽቷል ማለት አይደለም። በመሃሉ የተለመደው ሕክምና ራሱ ተሻሽሎ ነበር። ሴፕሲስን ቶሎ መጠርጠርና አንቲባዮቲክን ቶሎ መስጠት የየቀን ሥራ ሆኗል። ሁለቱም ወገን ወደ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት ደህና አድርጎ ፈሳሽ አግኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የኛ ሰው ነው። በ2011 ካትሪን ሜይትላንድ የመራችው ፊስት የተባለ ጥናት ወጣ። ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ለአንዱ ቡድን አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ፣ ለሌላው ሳላይን የሚባለው ጨዋማ ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ፣ ሦስተኛው ቡድን ያ ፈጣን ፈሳሽ አልተሰጠውም። አጥኚዎቹ የጠበቁት ፈሳሹ ሕይወት ያተርፋል ብለው ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በአልቡሚኑ ቡድን 10.6 በመቶ፣ በሳላይኑ 10.5 በመቶ ሞቱ። ፈጣን ፈሳሽ ያላገኙት ዘንድ ግን 7.3 በመቶ ነበር። ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። እስቲ አስቢው፣ ለመርዳት ተብሎ የተሰጠ ነገር ከመቶ ሕፃናት ሦስት ተጨማሪ ልጆች ወሰደ።

ያኔ ብዙ ሰው "ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ስለሌላቸው ነው፣ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ነው የሞቱት" አለ። እኔም ስሰማው ያሳመነኝ ማብራሪያ ነበር። በ2013 ግን አጥኚዎቹ እያንዳንዱ ልጅ እንዴት እንደሞተ መልሰው ሲመረምሩ የትርፉ ሞት ዋና ምክንያት ሳንባ አልነበረም። ከሁሉ በላይ የጨመረው በልብና በደም ዝውውር መውደቅ የመጣው ሞት ነው። ማለትም በፈሳሹ እናስተካክለዋለን ያልነው ነገር ራሱ ነው የወደቀው።

"እነሱ ሕፃናት ናቸው፣ የኔ ሕሙማን ትልልቅ ሰዎች" ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ስለዚህ ዛምቢያ ሂጂ። ቤን አንድሩስና ባልደረቦቹ ሉሳካ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሴፕሲስና ዝቅተኛ ደም ግፊት የነበራቸውን 212 አዋቂዎች አጠኑ፣ ውጤቱ በ2017 ወጣ። ከሕሙማኑ ወደ 90 በመቶው ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ነው። በፕሮቶኮሉ የታከሙት በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ወደ 3.5 ሊትር ፈሳሽ አገኙ፣ በተለመደው የታከሙት ወደ 2 ሊትር። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 48.1 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 33 በመቶ። ይህን ወረቀት ሳነበው የኛን ዋርድ ነው ያየሁት። ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ደም ማነስ፣ ሰውነት መክሳት፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ የለም። የዲትሮይቱ ሰው ሌላ ነው፣ የሉሳካው ግን የኛው ነው።

ለምን ይጎዳል? ኢንፌክሽኑ ሲበረታ የደም ሥሮች ግድግዳ ማፍሰስ ይጀምራል። የምትሰጪው ሳላይን ትንሹ ብቻ ደም ሥር ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ኩላሊት ይሰርጋል። በኢንፌክሽኑ የደከመ ልብ ደግሞ ሲጭኑበት የበለጠ አይሠራም። እዚህ ላይ የኛን አገር ነገር ጨምሪበት። በሩማቲክ የልብ በሽታ ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ የጠበበ የ25 ዓመት ወጣት ትመጣለች፣ ማንም ልቧን አዳምጦላት አያውቅም፣ የሳንባ ምች ይዟታል፣ ግፊቷ 80 ነው። ሁለት ሊትር በአንድ ሰዓት ብትሰጪያት ትሰጥማለች። ስለዚህ የደም ሥር ከመፈለግሽ በፊት ስቴቶስኮፕሽን ደረቷ ላይ አድርጊ። አልትራሳውንድ በእጅሽ ካለ ልቧንና ሳንባዋን እይበት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ መመሪያውም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሲኒየሮችሽ ይጠይቁሻል። ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ መመሪያ በሾክ ውስጥ ላለ፣ ማለትም ግፊቱ ወድቆ ደሙ ለሰውነቱ በበቂ ላልደረሰለት ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.8 ሊትር ማለት ነው፣ ሁለት ከረጢት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በ2021 ግን ይህን ምክር ከጠንካራ ወደ ደካማ አወረዱት። በ2023 አሜሪካ ውስጥ 1,563 ሕሙማን ላይ የተሠራው ክሎቨርስ የተባለ ጥናትም ፈሳሽ ቆጥቦ የደም ግፊት መድኃኒት ቀድሞ መጀመርን ከብዙ ፈሳሽ ጋር አወዳደረ። ሞቱ 14.0 እና 14.9 በመቶ፣ ልዩነት የለም። እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው፦ ቬንቲሌተርም፣ ዳያሊሲስም፣ ለሁለት ሕሙማን አንድ ነርስም ባለበት ቦታ ትርፍ ሊትር ይቻላል። እኛ ጋ ያንን ትርፍ ሊትር የሚሸከም ነገር የለም። በእኔ እምነት 500 ሚሊ ሰጥቶ፣ ቆሞ፣ አይቶ፣ እንደገና መወሰን ነው የኛ መንገድ።

ምኑን ነው የማየው ካልሽኝ፣ ጣት ተጫኚ። ይህን በቁም ነገር ነው የምልሽ። የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው እስኪነጣ ተጫኚ። በላብራቶሪ የመስታወት ስላይድ ብትጫኚው ደግሞ ሲነጣ በግልጽ ይታይሻል። 10 ሰከንድ ያዢው። ልቀቂና ቀለሙ እስኪመለስ ቁጠሪ። ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደሙ ጫፍ እየደረሰ አይደለም። እጁ ከብርዱ የተነሣ ቀዝቅዞ ከሆነ ሊያሳስትሽ ይችላል፣ መጀመሪያ በእጅሽ አሙቂው። በ2019 አርጀንቲና፣ ቺሊ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ኡራጓይ ውስጥ 424 የሴፕቲክ ሾክ ሕሙማን ላይ ይህን የጣት ምርመራ ላክቴት ከሚባለው የደም ምርመራ ጋር አወዳደሩት። በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ ሞቱ። በስታትስቲክስ መስፈርት ለጥቂት ያመለጠ ልዩነት ነው፣ ስለዚህ ጣት ይበልጣል ብለሽ አትከራከሪ። ከላብራቶሪው አለማነሱ ግን ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የላክቴት መመርመሪያው ኬሚካል ሲያልቅ "ምን ላድርግ" ብለሽ አትቆሚም። በዚያ ላይ ጉልበቱ አካባቢ ቆዳው ተዥጎርጉሮ እንደሆነ እይ፣ ሽንቱን ለኪ፣ ሲያናግሩት እንዴት እንደሚመልስ ስሚ።

አሁን ወደሚከብድሽ ነገር ልምጣ። አስታማሚዎቹ። የኛ ሰው ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። ልጁ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ፋርማሲ ሁለት ከረጢት ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና "ዶክተር፣ ለምን አይተከልለትም?" ይልሻል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አትቆጪው። ቁጭ ብለሽ፣ ልቡ እንደደከመና ውሃው ሲበዛ እንደሚያፍነው በአማርኛ አስረጂው፣ ይገባዋል። ሌላው ጣጣ ደግሞ ሌሊት ላይ የግሉኮሱን ጠብታ መቆጣጠሪያ አስታማሚው ራሱ ከፈት የሚያደርጋት ነገር ነው፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ። ፓምፕ ስለሌለ ጠብታ ቁጠሪ። ብዙውን ጊዜ የምንጠቀምበት መስመር 20 ጠብታው 1 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ 1 ሊትር በ8 ሰዓት ማለት በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ነው። ባለፍሽ ቁጥር ሰዓትሽን አይተሽ ቁጠሪያት።

እንዳትሳሳቺ ደግሞ፣ ፈሳሽ አትስጪ እያልኩሽ አይደለም። አተት ይዞት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ሳይመለስ ለሚመጣ ሰው ቁጠባ አያስፈልግም። በኪሎ 30 ሚሊ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪውን 70 ሚሊ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስጪው፣ ብታመነቺ ትገይዋለሽ። ስኳሩ ጨምሮ ደሙ አሲድ የሆነበትም (ኬቶአሲዶሲስ)፣ ደም እየፈሰሰው ያለውም እንዲሁ የጎደለው ነገር ይተካለታል። ፊስት ውስጥም ተቅማጥ ያለባቸው ሕፃናት አልገቡም። የጎደለበትን ሰው ካልጎደለበት መለየት ነው ሥራሽ፣ ይህን ደግሞ ታሪኩን በደንብ ካልጠየቅሽ ከሞኒተር አታገኚውም።

ፈሳሹ አልበቃ ካለ የደም ግፊት መድኃኒቱን ለመጀመር ትልቁ ካቴተር እስኪገባ አትጠብቂ። የ2021ዱ መመሪያ ኖርኤፒነፍሪን ለአጭር ጊዜ በክንድ ደም ሥር፣ ክርን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ፣ መጀመርን ይፈቅዳል። ቦታውን እያየሽ፣ እንዳያብጥ። አንቲባዮቲኩን በተመለከተ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፦ ሾክ ካለ በ1 ሰዓት ውስጥ። ሾክ ከሌለና ኢንፌክሽን መሆኑን ከተጠራጠርሽ ግን እስከ 3 ሰዓት ጊዜ አለሽ፣ በዚያ ውስጥ መርምሪ፣ የወባ ስላይድ አሠሪ። ወባ በሚበዛበት ቦታ ከባድ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ሴፍትሪያክሶን በሚባለው አንቲባዮቲክ ብቻ ይዞ ማደር ያናድደኛል።

ጆርናል ክለብ ላይ ጥናት የማቅረብ ተራሽ በቅርቡ ይደርሳል ብለሽኝ ነበር። ከሳንባ ምች ጋር ስለ ስቴሮይድ የሚያወራውን ብትወስጂ ደስ ይለኛል። በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ 800 የከባድ ሳንባ ምች ሕሙማን ላይ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለው ስቴሮይድ ሞትን ከ11.9 ወደ 6.2 በመቶ ቀንሶ ታየ። እኔ ያኔ ለኛ አልተዋጠልኝም፣ ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ቲቢው እያለ። በ2025 ግን ኬንያ ውስጥ በ18 ሆስፒታሎች ከ2,000 በላይ አዋቂዎች ላይ በዝቅተኛ መጠን ስቴሮይድ ተሞክሮ ሞቱ ከ26 ወደ 22.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ እኛም ጋ አለ። እነማን ወደ ጥናቱ እንደገቡ፣ እነማን እንዳልገቡ፣ ቲቢውን እንዴት እንዳዩት ሠንጠረዡን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከዚያ በእናንተ ዋርድ ለማን ትሰጪው እንደነበርና ለማን እንደማትሰጪው ጻፊልኝ። እኔም እዚህ ከልጆቹ ጋር ልወያይበት አስቤያለሁ።

ምሳሽን ሳትበዪ ራውንድ አትግቢ።

እናትሽ