ሱፐርቫይዘር ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት ከጋዜጣው አይደለም። የምሠራበት ሆቴል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የሰው ኃይል ክፍሉ አንዷን ዓረፍተ ነገር በቢጫ አስምሮባታል፦ «ሱፐርቫይዘሮችንና ሌሎች ኃላፊዎችን ግን ክፍያው አይመለከታቸውም።»

ይቺ ዓረፍተ ነገር ስህተት ናት። ስህተቷም በእኔና በመሰሎቼ ኪስ ላይ ነው የምታርፈው።

ቁጥሮቻችሁ ልክ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 መሠረት ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የተሳሳታችሁት ለማን እንደሚከፈል ስትጽፉ ነው።

አዋጁ አይመለከተውም ያለው «የሥራ መሪ»ን ነው። ማን እንደሆነም አንቀጽ 2 ላይ ተርጉሞታል፤ የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የሚታየው ሥልጣኑ ነው፤ ደረት ላይ ያለው ባጅ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ኃላፊ የለም አልልም። ዋና ሥራ አስኪያጃችን አንዱ ነው።

የእኔን ሥልጣን ደግሞ ልንገራችሁ። ስታዲየም አካባቢ ባለ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። አንሶላና ፎጣ እቆጥራለሁ። አልጋው በደንብ መነጠፉን አያለሁ። አንዷ ልጅ ከቀረች ክፍሎቿን ራሴ አጸዳለሁ። አልቀጥርም፣ አላዛውርም፣ አላሰናብትም። ለአንዲት ሠራተኛ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለማግኘት እንኳ ፊርማ ፍለጋ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ። የቱን ፖሊሲ ነው ያወጣሁት?

ሱፐርቫይዘር ስባል 800 ብር ተጨምሮልኝ ደመወዜ 8,320 ብር ሆነ። በዚያው ወር ኦቨርታይሜ ቆመ። እስቲ እናስላው። ወሩን በ26 ቀን፣ ቀኑን በ8 ሰዓት ብንይዝ 208 ሰዓት ነው። አንዱ ሰዓት 40 ብር ይሆናል። በቀን 2 ሰዓት ሳመሽ በሳምንት 12 ሰዓት ነው፤ በ1.5 ሲባዛ 720 ብር። በሳምንት! በወር 800 ጨምረው በሳምንት 720 ይወስዱብኛል። ፋሲካን እንኳ ከልጆቼ ጋር አልዋልኩም። ማታ ስወጣ ታክሲ ጠፍቶ ለገሃር የቆምኩባቸውን ቀናት አልቆጥራቸውም።

አቤት ስል የሚሰጠኝ መልስ «አምሺ ብሎ ያዘዘሽ የለም» ነው። እውነት ነው፣ ሕጉ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ይሠራ ይላል። ታዲያ «ክፍሎቹ ሳያልቁ እንዳትወጪ» ማለት ትእዛዝ ካልሆነ ምንድን ነው? ደግሞም ያው ሕግ ትርፍ ሰዓትን የፈቀደው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራና ለመሳሰሉት ብቻ ነው፤ ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ። የየቀኑ የእንግዳ ክፍል ጽዳት አደጋ አይደለም።

ዘጋቢያችሁ አሠሪ አነጋግሯል፣ የሕግ ባለሙያም አነጋግሯል። አንድ ሱፐርቫይዘር ግን አላነጋገረም። ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ስንት ሆቴል አለ? አንዱ በር ላይ ቆሞ ሥራ የሚወጡትን ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። እኔ ራሴ አይገባሽም ሲሉኝ አምኜ ዝም ያልኩባቸው ወራት አልፈዋል፤ አይመለሱም። አሁን ደግሞ የእናንተን ዓረፍተ ነገር አንብባ «እውነትም አይገባኝም» ብላ የምትቀመጥ ሌላ ሴት አለች። የእሷም ወራት እየነጎዱ ነው።

ስለዚህ እርማት አውጡ። ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ይሁን። ሰሌዳው ላይ ከቢጫዋ መስመር ጎን የምለጥፈው እኔው ነኝ።

የሆቴል ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ