ልጁ የፈረመው ምን ላይ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከፔዳ ግቢ ብዙም ሳልርቅ ነው። የእህቴ ልጅ ከዘጌ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዘመድ ሁሉ «መንግሥት በነፃ ሊያስተምርልን ነው» ብሎ እልል አለ። ልጁም የወጪ መጋራት ውሉን ሳያነብ ፈረመ።

ውሉ ግን ዕዳ ነው። የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶው በስሙ ይመዘገባል። ሥራ ሲይዝ በየወሩ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። አሠራሩን አልቃወምም፤ ያለ እሱ የእህቴ ልጅ የት ይማር ነበር? ቅር ያለኝ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ መጥፋቱ ነው። ስጠይቅ «ፎርሙ ላይ አለ» አሉኝ። ፎርሙ ላይማ አለ! ነን ካፌ (ከግቢው ካፌ የማይመገብ ተማሪ) ሆኖ የምግቡን በብር መውሰድ እንደሚቻል እንኳ የሰማነው ዘግይተን ነው።

እባካችሁ፣ ቀጣዩ ምዝገባ ሳይጀመር ስለ ውሉ አንድ ገጽ ጻፉልን።

አንድ አጎት፣ ከባሕር ዳር