ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ ወንዱን ስታክሙ ስለ ሚስቱም ጠይቁት

ጤና ይስጥልኝ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች። በዚህ ሁሉ ችግርና መፈናቀል መሀል ጤና ጣቢያ ከፍቶ በሽተኛ መቀበል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለስራችሁም ክብር አለኝ። ግን ስለ አባላዘር በሽታ የምነግራችሁ ነገር አለ፣ ስንት አመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባ አይሱዙ ላይ መጀመሪያ ረዳት ከዛ ሾፌር ሆኜ ሰርቻለሁ። በ2004 ዓ.ም.፣ ባገባሁ በአመቴ ማለት ነው፣ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር፣ መግልም መጣ። መንገድ ላይ የሰራሁትን እኔ አውቃለሁ፣ ጓደኞቼ ግን "ብርድ ነው፣ ፀሐይ ፊት ሸንተህ ነው" አሉኝ፣ እኔም ማመን ስለፈለኩ አመንኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት፣ ልጁ ካፕሱል ቆጥሮ ሰጠኝ፣ በሳምንት ለቀቀኝ አለቀ። ባለትዳር ነህ ወይ ያለኝ ሰው የለም። እኔም ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

እሷን ምንም አላመማትም። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ጨብጥ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል፣ ሴቷ ላይ ግን ጨብጥም ሆነ ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል፣ ቀስ እያለ ወደ ማህፀንና ወደ ዘር ቱቦ ይወጣል፣ እዛ አቁስሎ ጠባሳ ይተዋል፣ ቱቦው ሊዘጋ ይችላል፣ ወይ ደግሞ ፅንሱ ከማህፀን ውጪ ይቀርና ህይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። በየጤና ጣቢያው የሚሰራበት አካሄድ ደግሞ በአብዛኛው ምልክት እያዩ ማከም ነው። ላብራቶሪ በሌለበት ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው አልቃወምም፣ ግን ምልክት የሌላት ሴት በምን ትገኛለች? በባሏ በኩል ካልሆነ በምንም! ባልየው ታክሞ ዝም ብሎ ከወጣ እሷ ቀረች ማለት ነው። ለሱም ቢሆን አይጠቅመውም፣ አንዴ ታክሞ መዳን ሁለተኛ እንዳይይዘው አያደርግም፣ ቤቱ ገብቶ መልሶ ሊይዘው ይችላል።

እኛ ቤት አምስት አመት ልጅ ጠፋ። መካን ናት ተባለች፣ የገዛ እናቴ እንኳን ሌላ አግባ አለችኝ። ባለቤቴ ፃድቃኔ ማርያም ሁለት ጊዜ ሱባኤ ገባች። በኋላ አዲስ አበባ ስንመረመር ሁለቱም ቱቦ ተዘግቷል ተባልን፣ ዶክተሩ ድሮ የታከማችሁት ኢንፌክሽን አለ ወይ ሲል እሷ የለም አለች፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። በኋላ ስጠይቀው፣ ያኔ የያዘህ ነው የዘጋው ብሎ ዛሬ ማረጋገጥ አይቻልም ብሎኛል። እኔ ግን ያንን ካፕሱል ስውጥ እሷን ይዣት ሄጄ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው የማድረው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ለአባላዘር የሚታከም ሰው ሁሉ፣ በመንግስትም በግልም፣ አብራህ ያለችው ማናት ተብሎ ይጠየቅ፣ ለሷም የሚሰጣት ወረቀት ይያዝ፣ ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም አይፃፍ ብቻ ለምርመራ ነይ ይበል። ሁለቱም ታክመው ሳይጨርሱ ግንኙነት እንዳያደርጉ ይነገራቸው። ስትመጣ ደግሞ በር የሚዘጋበት ክፍል ይኑር፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ "ምንሽን ነው የሚያምሽ" እየተባለች እንዴት ትናገራለች፣ ትንሽ ከተማ ነው ሁሉም ይተዋወቃል። መድኃኒት ቤቶችንም ሰብስባችሁ አነጋግሯቸው፣ ጨብጥ ድሮ ይገድሉት የነበሩ መድኃኒቶችን እየተላመደ የመጣ ባክቴሪያ ነው፣ ቆጥሮ በተሸጠ ካፕሱል ምልክቱ ጠፍቶ በሽታው ሊቀር ይችላል።

ቂጥኝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ሚስት ተገኝታ ባል ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፣ ሳይታከም ራሱ ይጠፋል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ጀርሙ ግን ደም ውስጥ ነው፣ ከአመታት በኋላ ልብና አእምሮ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ነፍሰ ጡሯ ክትትል ስትጀምር ትመረመራለች፣ ቀድሞ ከተገኘባት በፔኒሲሊን መርፌ ፅንሱም ይተርፋል፣ ካልታከመች ሞቶ ሊወለድ ይችላል። ግን እሷ መርፌዋን ተወግታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ካልተመረመረ እርግዝናው ሳያልቅ እንደገና ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ ባል ለቅድመ ወሊድ ክትትል እንዲመጣ አድርጉ።

ሌላው ደግሞ ከጋብቻ በፊት ምርመራ የሚባለው እኛ አገር በአብዛኛው ኤችአይቪ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዘው ነፃ ነን ብለው ይጋባሉ። ቂጥኝና ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢም በደም ይታያሉ፣ በዛው አንድ ቀን ለምን አብረው አይታዩም?

ትምህርቱም ሴቶች ላይ ብቻ አይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ሲገቡ የሚያገኙት ሚስትን ነው፣ ባልየው መንገድ ላይ ነው ወይ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው። መናኸሪያ ኑ፣ ሾፌር የሚያድርበት ኑ፣ ስለ ኮንዶም በግልፅ አውሩልን።

ይሄን ደብዳቤ ባለቤቴ አንብባዋለች። እውነቱን የነገርኳት ያኔ ከሐኪም ቤት በተመለስን ማታ ነው፣ ብዙ ቀን አላናገረችኝም፣ አሁንም አብረን ነን። ላከው ያለችኝ እሷ ናት። ደብረ ሲና ወይ ሸዋሮቢት በገበያ ቀን ወንዶችን ሰብስባችሁ ከጠራችሁኝ ቆሜ የደረሰብንን እናገራለሁ፣ አበል አልፈልግም።

የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር
ደብረ ሲና